ድንኳን ያልተተከለለት ኀዘን

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን ዕፍረት ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። ባለፈው የትምህርት ወራት የአንዲት የክፍል ጓደኛችን ታላቅ እኅት ልጅ በተወለደ በዘጠነኛው ቀን ሞተ ተባልን። እንደ ደንቡ ገንዘብ አዋጥተን ስድስት ሆነን ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ሰፈሩን ስለማናውቀው «ድንኳን ስናይ እንገባለን» ተባብለን ነበር። መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት፤ ድንኳን የለም። ኋላ አንዲት ባለ ሱቅ ናት ቤቱን ያመለከተችን። ስንገባ አራሷ ጋቢ ተከናንባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከእናቷና ከአንዲት ጎረቤት በቀር ሰው አልነበረም። ባልዋ ሥራ ገብቷል። ጥቂት ዝም ብለን ከተቀመጥን በኋላ ከመካከላችን አንዱ «እግዜር ያጽናሽ፤ ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ» አለ። ሌሎቻችንም ይህንኑ በየተራ ደገምነው። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችንና «ስሙን እንኳ አልጠየቃችሁኝም» አለችን።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልን አናስታውስም። በመመለሻችን ግን በአውቶቡስ ውስጥ ተከራከርን። አንዱ ወገን «ያልነው ሁሉ ልማዱ የሚያዝዘውን ነው፤ ጥፋት የለብንም» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን «ልማዱ ራሱ ለእንዲህ ያለው ሞት አልተሠራ እንደ ሆነስ?» ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ ስላልተቋጨ መጻሕፍት ወደ ማገላበጥ፣ ከዚያም ይልቅ እናቶቻችንን ወደ መጠየቅ ሄድን። ቋንቋና ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሶሲዮሎጂ የምንማር እንጂ የሕክምና ተማሪዎች ስላልሆንን ስለ በሽታው የምንለው የለንም። የምንጽፈው ልጅ ከመሞቱ በፊትና ከሞተ በኋላ ቤተ ሰቡን ስለሚከብበው ሰው ነው፤ ያም ሰው አንባቢውም እኛም ነን።

በመጀመሪያ ልማዳችንን አናማው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ መንደሩን ይቀሰቅሳል። ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበርና ድስት ከእድሩ ቤት ይወጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎረቤት እንጀራውን በመሶብ ይዞ ይመጣል። ኀዘንተኛው ለብቻው እንዳያድር አብሮት የሚያድር ሰው አይጠፋም። ከሣልስት እስከ አርባ፣ ከአርባ እስከ ሙት ዓመት ድረስ ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ቀን የተቈረጠ ነው። በዚህ በኩል ከባሕር ማዶ የምንበደረው ነገር ያለ አይመስለንም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ሟቹን በሚያውቀው ሰው ልክ ነው። ሽማግሌ ሲሞት አገር ያውቀዋልና አገር ይወጣል። ሙሾ አውራጅዋም የምትለው አታጣም፤ ቸርነቱን፣ ጀግንነቱን፣ ነገር አዋቂነቱን፣ የወለዳቸውንና የዳራቸውን እያነሣች ታስለቅሳለች። ሙሾ የሥራ መዝገብ ነውና። የዘጠኝ ቀን ልጅ ግን ምን ሠርቷል? የሚያውቀውስ ማን ነው? እናቱ ዘጠኝ ወር ታውቀዋለች፤ አባቱ፣ አያቱና አዋላጅዋ ጥቂት ቀን ያውቁታል። ከዚህ ውጭ ለሆነ ሰው ገና እንግዳ ነው። እንግዲህ ከሁሉ የከበደው ኀዘን ከሁሉ ያነሰ ለቅሶ ደራሽ የሚያገኝበት ምክንያት ከጭካኔ የመጣ አይደለም። ሥርዓቱ ራሱ የተዘረጋው እንዲህ ሆኖ ነው።

የሃይማኖቱም ሥርዓት ይኸንኑ ያጠናክረዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን ፍትሐት አይደረግም። ይህን ለመተቸት አልተነሣንም፤ መምህራኑ አሉና። እኛ ልናስታውስ የምንወደው ለሞት የሚያሰጋ ሕፃን ሲሆን ቀኑ ሳይደርስም እንደሚጠመቅ ነው። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም፤ ወይም የሚነግረው ሰው የሚመጣው ካለፈ በኋላ ነው። በእስልምና በኩል ሕያው ሆኖ የተወለደ ሕፃን ታጥቦ፣ ተከፍኖና ተሰግዶበት ይቀበራል። ያም ሆኖ በሁለቱም ወገን ቀብሩ ፈጣንና ጥቂት ወንዶች ብቻ የሚደርሱበት ነው። እናቲቱ አራስ ናትና ከቤት አትወጣም። ካነጋገርናቸው እናቶች መካከል የልጃቸውን መቃብር አይተው የማያውቁ ነበሩ።

ስለ እድር ለመረዳት ከመካከላችን የአንዱን አባት ጠየቅን፤ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው። መተዳደሪያ ደንቡን አውጥተው አነበቡልን። ለአባሉ ይህን ያህል፣ ለባል ወይም ለሚስት ይህን ያህል፣ ለወላጅ፣ ለልጅ እያለ ይወርድና ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ዘንድ ሲደርስ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳንም አይወጣም ይላል። «ለምን?» ብንላቸው አልተቈጡም። «ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች መሰሏችሁ? እነሱም ቀብረዋል። በዚያን ጊዜ ለሞተው ሕፃን ሁሉ ድንኳን ቢተከል ድንኳኑ የሚነቀልበት ቀን አይኖርም ነበር» አሉን።

ይህ መልስ ወደ ቁጥር መራን። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት አንድ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ይኸው ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ከዐሥራ አምስት አንድ ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ክትባቱን በየገጠሩ ያዳረሱት ሰዎች ሊመሰገኑበት ይገባል። ነገር ግን ቁጥሩን ጠጋ ብሎ ለሚያየው ሌላ ነገር አለበት። በ1992 ዓ.ም. ከ166ቱ ውስጥ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት 49 ነበሩ፤ ሲሶ እንኳ አይሞሉም። በ2008 ዓ.ም. ግን ከ67ቱ 29ኙ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሆኑ፤ ወደ ግማሽ የተጠጋ ነው። ኩፍኝና ተቅማጥ የሚገድሏቸው ልጆች ሲቀንሱ፣ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱትና በምጥ የሚታፈኑት የዚያን ያህል አልቀነሱም። እንግዲህ ደንቡ የወጣው ሞት በበዛበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ሞቱ አንሷል፤ የቀረው ሞት ግን ደንቡ «ድንኳን አይወጣም» ባለው ዕድሜ ላይ እየተከማቸ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲሰሙ ደንቡን አጠፉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን እንኳ አላሰብኩትም» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣብን፤ ሞት የበዛበት የዚያ ዘመን እናት ልጅዋ ሲሞት አታዝንም ነበር ወይ? ናንሲ ሼፐር-ሂዩዝ የምትባል አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ሊቅ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ባለ አንድ የድሆች ሰፈር ለብዙ ዓመታት አጥንታ «ያለ እንባ ሞት» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ በ1992 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። ረኀብና በሽታ ሕፃናቱን በሚፈጅበት በዚያ ሰፈር እናቶች ለደካማ ሕፃን ልባቸውን አይሰጡም፣ ሲሞትም አያለቅሱም ትላለች። መጽሐፉ ብዙ አከራክሯል። እኛም ተከራከርንበት፤ አንዳንዶቻችን «የእኛም አገር እንዲሁ ነበር» አሉ።

መልሱን ያገኘነው ከራሳችን የስም መጥሪያ ነው። ከመካከላችን የቋንቋ ተማሪ የሆነው የክፍሉን ስም ዝርዝር ከነአባት ስሙ ዘርግቶ አሳየን። ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ፣ መርሻ፣ ይርሳው፤ እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት የሞተ ሰው ተከትሎ ለተወለደ ልጅ ነው። ቆየ፣ ዘለቀ፣ ኑርልኝ፣ ሞትባይኖር ደግሞ የፈራ ወላጅ ያወጣቸው ይመስላሉ። በየጥዋቱ መምህሩ ሲጠራው «አቤት» የምንልበት መዝገብ ለካ የሙታን መታሰቢያም ኖሯል። ሙሾ ያልወረደለት ሕፃን በወንድሙ ስም ይጠራል። ማስረሻ የሚለውን ስም ብቻ እንመልከት፤ በቀን ዐሥር ጊዜ «ማስረሻ!» ብላ የምትጣራ እናት ረስታለች ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ከመካከላችን አንዱ ስሙ በዚሁ ረድፍ የሚገኝ ነው። እንደ ሌሎቻችን ሁሉ ስሙን ስም ብቻ ያደርገው ነበር። በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱን «እኔ የማን ምትክ ነኝ?» ብሎ ጠየቃት። ከእሱ በፊት የሦስት ሳምንት ሴት ልጅ ሞታባት ነበር። ስሟን፣ የተወለደችበትን ቀንና የጠጕሯን መልክ ነገረችው። ሌሊቱን ሲጫወቱ አደሩ። ይህን ሲነግረን እንደ ወጉ ሊስቅበት ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም።

እስካሁን የተናገርነው ከሞት በኋላ ስላለው ነው። ከሞት በፊት ስላለው ጊዜ ግን ልማዳችን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መደበቅ ነው። ልጁ በጠና ታሞ ሐኪም ቤት ሲተኛ ሐኪሙ አባትየውን ወደ ጎን ጠርቶ በመተላለፊያው ላይ በቁሙ ይነግረዋል። አባት ለወንድሙ ይነግራል፤ ወንድም ለጎረቤት፤ እናትየው አልጋው ሥር ባነጠፈችው ምንጣፍ ላይ ስታስታምም እየዋለች እያደረች የመጨረሻዋ ሰሚ ትሆናለች። እንዳትደነግጥ ታስቦ ነው። ነገር ግን ትንፋሹን በየሌሊቱ የምታዳምጠው እሷ ስለሆነች ከሐኪሙም በፊት የምታውቅበት ጊዜ አለ። ኋላ መጥተው ሲነግሯት «ለቀባሪው አረዱት» የሚባለው ይሆናል። በመካከሉ የጠፋው ልጇን እያወቀች አቅፋ የምትሰናበትበት ጊዜ ነው።

ልጁ ራሱስ? ማይራ ብሉቦንድ-ላንግነር የምትባል ምሁር በአንድ የአሜሪካ ሐኪም ቤት የደም ካንሰር የያዛቸውን ከ3 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች አጥንታ በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አውጥታለች። ማንም ሳይነግራቸው ልጆቹ እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። የአዋቂዎቹን ፊት፣ ሹክሹክታውን፣ የሌሎቹን ልጆች አልጋ ባዶ መሆን አይተው ደርሰውበታል። እንደማያውቁ መስለው የሚኖሩት ግን ለወላጆቻቸው ሲሉ ነው። እኛ ለልጁ ስንደብቅ ልጁም ለእኛ ይደብቃል ማለት ነው፤ ሁለቱም ወገን ለብቻው ይቀራል።

በስዊድን አገር ከ1992 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ልጆቻቸው በካንሰር የሞቱባቸው ወላጆች ተጠይቀው ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከልጃቸው ጋር ስለ ሞት ከተነጋገሩት 147 ወላጆች «ባልተነጋገርኩ» ብሎ የተጸጸተ አንድም አልተገኘም። ካልተነጋገሩት 258 ውስጥ ግን 69ኙ ተጸጽተዋል። ስዊድን ስዊድን ናት፤ የእኛ ልጅ ከእናቱ ጋር ስለ ሞት ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት ቋንቋ ሌላ ነው፤ በጸሎት፣ በተረት፣ «አያትህ ዘንድ» በሚል ቃል ሊሆን ይችላል። አንድም የተጸጸተ አለመገኘቱ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ይህን ስናነብ ትዝ ያለን መርዶ ነው። ስለ መርዶ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን ታላቅ ጥበብ አለበት። መርዶ ነጋሪ ለብቻው አይሄድም። ከኀዘንተኛው ጋር የሚቀራረቡ ሰዎች አስቀድመው ይጠራሉ፤ ጎረቤት ይነገረዋል፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን በማለዳ ይኬዳል፤ ተቀምጠው እንጂ ቆመው አይነግሩም፤ ነግረውም ወዲያው አይነሡም። ሐኪም ቤቶቻችን ይህን ብቻ ቢወስዱ ምን ነበረበት? እናትና አባት አንድ ላይ፣ ከሚያምኑት አንድ ዘመድ ጋር፣ በር ባለው ክፍል ተቀምጠው ቢነገራቸው ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። የመርዶ ጉድለቱ አንድ ነው፤ የሚነገረው ካለቀ በኋላ መሆኑ። እሱን አስቀድሞ ማድረግ ይቻላል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. እንደ ደነገገው በጠና የታመመን ልጅና ቤተ ሰቡን መደገፍ የሚጀምረው በሽታው ከታወቀበት ቀን ነው፤ ሕክምናው ይቀጥልም ይቁም። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አንዲት መነኩሲት በጠና የታመመች ሕፃን ወላጆችን ከመርዳት ተነሥተው በ1982 እ.ኤ.አ. ሔለን ሀውስ የተባለውን ቤት ከፈቱ፤ ለልጆች ብቻ ተብሎ በዓለም የመጀመሪያው ነው። እዚያ ወላጅ ጥቂት ቀን ይተኛል፣ ሌላ ሰው ይነቃለታል፤ ከዋናዎቹ ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቤት እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም። ሐኪም ቤት ለሦስት ሳምንት ያስታመመች እናት ምሳዋን የሚያመላልስላት፣ አንድ ሌሊት ተክቷት የሚያድር፣ እቤት የቀሩትን ልጆች የሚያበላላት ሰው ካገኘች ትልቅ ነገር ነው። ለለቅሶ ገንዘብ ስናዋጣ አንድ ቀን አይፈጅብንም፤ ልጁ በሕይወት ሳለ ግን ያዋጣንበትን ጊዜ አናስታውስም።

ከሞት በኋላ ስላለው፣ በመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቶች የሰማነው አንድ ነገር አለ፤ ወንዶቹ ተማሪዎች ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር። ሕፃኑ ቢሞትም ወተቱ ይመጣል። ከወሊድ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጡት ይሞላል፣ ያማል፣ ልብስ ያርሳል። አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ከሌለ እናቲቱ ሰውነቷ ያሾፈባት ይመስላታል። ጡቷን ደገፍ የሚያደርግ ልብስ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ሲያስጨንቃት ብቻ ጥቂት አልቦ ማስወጣት እንደሚረዳት አዋላጅ ነርሶች ያውቃሉ። አንዲት ሴት ለሌላዋ ቀስ ብላ ብትነግራት ከብዙ ማጽናኛ ይበልጣል።

አባትየውስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት የሆነ ሠራተኛ ልጅ ሲወለድለት ሦስት ቀን፣ ልጅ ሲሞትበትም ሦስት ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቀድለታል። ያ እኛ ያላገኘነው ባል ቀኖቹን ጨርሶ ይሆናል። በሥራው ቦታ «ወንድ ልጅ ነህ፣ በርታ» ከማለት በቀር የሚጠይቀው ሰው አይገኝም።

የሟች ታናናሾችና ታላላቆች ደግሞ ወደ ጎረቤት ይላካሉ፤ ሲመለሱ ወንድማቸው «አገር ቤት ሄዷል» ይባላሉ። ልጅ ግን መንገደኛ እንደሚመለስ ያውቃልና ይጠብቃል። አንዲት የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ ታናሽ እኅቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ ለማየት በር ላይ ትቆም እንደ ነበር ነግራናለች።

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። «ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» የሚለው ቃል ከደግ ልብ የሚወጣ ነው፤ ክፋቱ ስለ ሚመጣው ልጅ መናገሩ ነው፤ እናቲቱ ግን ስለ ሄደው ታስባለች። «መልአክ ሆነ» የሚለውም አንዳንዷን ያጽናናታል፣ አንዳንዷን ያስቈጣታል፤ እሷ ራሷ ካላለችው ባንቀድማት ይሻላል። ያነጋገርናቸው እናቶች ሁሉ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ «ስሙ ማን ነበር? ማንን ይመስል ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላስከፋቸውም። እንባ ያመጣል፤ ያመጣው ግን ጥያቄው አይደለም፤ እንባው እዚያው ነበር።

አርባ ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ከተመለሰ ወዲህ፣ ሁለት ሆነን ወደዚያች ሴት ቤት ተመለስን። ስድስት ሆነን መሄድ አፈርን። ቡና አፈላችልን። ስሙን ጠየቅናት፤ ነገረችን። ዘጠኙን ቀን አንድ በአንድ አወራችልን፤ በአራተኛው ቀን ማታ ለምን ያህል ጊዜ ዓይኑን ገልጦ አምፖሉን እንዳየ ሳይቀር። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፤ ለእኛ ተነገረን እንጂ ለመጽሔት አልተነገረም።

የእድሩ ጸሐፊ ነገሩን በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ውስጥ አስይዘውታል። ድንኳን አልጠየቁም፤ አባላቱ ገንዘቡን ሲያስቡ እንዳይደናገጡ ብለው ነው። የጠየቁት ወንበሮቹና ጀበናው እንዲወጡ፣ ለሦስት ቀን በተራ የሚቀመጡ ሰዎች እንዲመደቡ፣ ለቀብሩም እናቲቱ «ልሂድ» ካለች ደግፈው የሚወስዷት ሁለት ሴቶች እንዲገኙ ነው። አንድ ሽማግሌ ከወዲሁ ተቃውመዋል አሉ። ጸሐፊው ሊያነጋግሯቸው ሄደው ሲመለሱ እንደ ነገሩን፣ ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ከተሟገቱ በኋላ የሁለት ሕፃናት ስም ጠርተው ዝም ብለዋል።